ዋሻው የጣርማበር ነው

ከአዲስ አበባ በጠዋት የተነሣው የደሴ አውቶቡስ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማበር ሲቃረብ ተሳፋሪው ጋቢውን ይከናነባል። ክረምት ከሆነ ጉሙ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሁሉ ይውጠዋል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ማርሽ ይቀንሳል፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ለአፍታ ይታያሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጨለማ ይሆናል። 587 ሜትር የሚረዝመው ዋሻ ተጀመረ ማለት ነው። «ሙሶሎኒ ዋሻ ገባን» ይላል አንዱ። አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ «ሙሶሎኒ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ መንገዱን የሠራልን ጣሊያን።

ይህ መልስ ሊታረም ይገባዋል።

መጀመሪያ ነገር መንገዱ ከጣሊያን በፊት ነበረ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ወደ ሰሜኑ ጦር ግንባር ሲዘምቱ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ የሄዱት በመኪና ነው። በዝናብ የሚጨቀይ፣ ድንጋዩ ጎማ የሚበላ ጥርጊያ ቢሆንም የጭነት መኪና ይመላለስበት ነበር። ከማይጨው ጦርነት በኋላ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰውም በዚያው ጥርጊያ ላይ ነው። ሰልፉን ከአንድ ቀን በላይ ያቆመው ጣርማበር ነበር። ኢትዮጵያውያን የገደሉን መንገድ አፍርሰውት ስለነበር ወራሪው ወታደር ከመኪናው ወርዶ ድንጋይ ሲሸከምና መንገድ ሲደለድል ሰነበተ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ወጣት ዕጩ መኮንኖች ከስዊድናዊ አሠልጣኞቻቸው ጋር በሩን እንዲይዙ ወደዚህ ተልከው እንደነበርም ከተሳፋሪው ስንቱ ሰምቷል? አዲስ አበባ የተያዘችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ዛሬ በበሩ የሚያልፍ ሰው ግን ወራሪውን ያዘገዩትን ሰዎች ሳይሆን የወራሪውን አለቃ ስም እየጠራ ያልፋል።

የጣሊያኖቹ ሥራ ራሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ የመሐንዲሶቹን ችሎታ መካድ አያስፈልግም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ መውጣት፣ ከዚያ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር እንኳ ከማይሞላው የሸዋ ሮቢት ሙቀት መድረስ ቀላል አይደለም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ ሳይጨርስ ጋቢውን የሚያወልቅ መንገደኛ ይህን በገላው ያውቀዋል። ነገር ግን መንገዱ የተሠራው ለቆሎ ነጋዴዋ አይደለም። ከአስመራ ተነሥቶ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጎዳና ወታደርና ጥይት ማመላለሻ ነበር። ሐይቅን አልፎ ውጫሌን ይነካል። አንቀጽ 17 ከጣሊያን ጋር ጠብ የጫረበት ውል በ1881 የተፈረመው እዚያ ነው። አላጌ ላይም ይወጣል፤ በ1888 ራስ መኮንን የሜጀር ቶዜሊን ጦር የደመሰሱት በዚያ አምባ ነው። ሠሪው አምስት ዓመት ብቻ ተጠቀመበት። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴን ከጣሊያን ያስለቀቁት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከአዲስ አበባ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የመንገዱ ዕድሜ ኢትዮጵያዊ ነው። የጣሊያን አስፋልት እንዳይፈርስ ለማድረግ መንግሥት በመስከረም 1943 ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ናዳ የጠረገ፣ ቦይ የከፈተ፣ ጉድጓድ የደፈነ የቀን ሠራተኛ ስሙ አልተጻፈም፤ እሱ ባይኖር ግን ዋሻው ከጥቂት ክረምት በኋላ የጅብ ማደሪያ ይሆን ነበር። ጣሊያን ትቶት የሄደው ቋንቋ እንኳ የእኛ ሆኗል። ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፒስታ የሚለው የኮምቦልቻ መካኒክ የባዕድ ቃል ተናገርኩ ብሎ አያስብም።

የመንገዱ ታላቅ ፈተና የመጣው በ1965 ነው። የወሎ ቆላ ገበሬዎች ከብታቸው አልቆ፣ ዘራቸውን በልተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ዳር ይዘው ቆመው የሚያልፈውን መኪና እያስቆሙ እንጀራ ለመኑ። በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የተነሡትን ፖሊስ መለሳቸው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ ይህንኑ ጎዳና አንሥቶ ይከራከራል። እህል በመንገድ እጦት ሳይደርስ ቀረ የሚለው ምክንያት አይበቃም ነው የሚለው፤ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዳንዶቹ ለአውራ ጎዳናው ቅርብ ነበሩና። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ በረሃብ ጊዜ ይደርሳል እንደሚባለው አልናረም፤ ይልቁንም ከወሎ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ገበሬው መግዣ ስላጣ መኪናው በፊቱ ጭኖ አለፈ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 1977፣ ዓለም ሌላውን ረሃብ በቴሌቪዥን ያየው ከኮረም ነው፤ ኮረምም የዚሁ መንገድ ከተማ ናት።

በ2014 መጀመሪያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት አስፋልቱን ተከትሎ ወረደ። ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ ውጊያው ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳረሰ፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸው ሕዝብም በዚሁ መንገድ በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን ገባ። የአካባቢው ሰው ስለ መንገድ የሚያወራው ስለዚህ ነው፦ ማን እንደ ሸሸበት፣ ማን እንደ ተመለሰበት፣ ማን እንዳልተመለሰ።

ይህን ሁሉ የተሸከመ ጎዳና በፋሽስቱ መሪ ስም ሊጠራ አይገባውም። ስም ለመቀየር አዋጅ አያስፈልግም፤ በሩ ከሙሶሎኒ በፊት ስም ነበረው። ሾፌሮችና ረዳቶች፣ የጉዞ ጋዜጠኞች፣ የጂኦግራፊ መምህራን፣ አስጎብኚዎች «ጣርማበር ዋሻ» ማለት ከዛሬ ሊጀምሩ ይችላሉ። ወላጅም በጨለማው ውስጥ ልጁ ሲጠይቀው ዋሻው ሳያልቅ ይመልስለት፦ ይህ ጣርማበር ይባላል፤ በ1928 ሰዎች ጠላትን ለማቆየት መንገዱን ያፈረሱት እዚህ ነው።