«በልክ የተሰፋ» ዮጋ ዋጋው ስንት ነው?

እንደሚታወቀው በመርካቶ ሁለት ዓይነት ሱሪ ይሸጣል፤ አንዱ ተሰፍቶ የተሰቀለው ሲሆን ሌላው ልብስ ሰፊው ለክቶ የሚሰፋው ነው። የተለካው ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ገዢው ግን ልዩነቱን መስተዋት ፊት ቆሞ ስለሚያየው አያጉረመርምም። ሕክምና ነክ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ይህ ዕድል የለውም። «የዮጋ ቴራፒ» በሚል ስም በልዩ ልዩ አገሮች የሚሸጠው አገልግሎት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የዮጋ ቴራፒ ሃያ ሠላሳ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰልፎ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚሠራበት ትምህርት አይደለም። ቴራፒስቱ አንዱን ሰው ለብቻው አስቀምጦ የሕመሙን ታሪክ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ እንቅልፉንና የሥራውን ጠባይ ይጠይቃል። አተነፋፈሱንና አቋቋሙን ያያል። ከዚያም ለእርሱ የሚስማማ የእንቅስቃሴ፣ የአተነፋፈስና የዕረፍት ልምምድ ያወጣለታል፤ ሰውየውም ቤቱ ሲሠራ ሰንብቶ ይመለሳል፤ ልምምዱም ይከለስለታል።

ሐሳቡ በይበልጥ የሚታወቀው በህንዱ መምህር በክሪሽናማቻርያ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1888 የተወለዱት እኚህ ሰው በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ለወጣቶች ጠንካራ እንቅስቃሴ ያስተምሩ ነበር። በኋላ በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ሕመምተኞችን አንድ በአንድ እየተቀበሉ ልምምዱን ለሰውየው ዕድሜና አቅም መቀየር ዋና ሥራቸው ሆነ። በትምህርታቸው መሐንዲስ የነበሩት ልጃቸው ዴሲካቻር በ1976 በአባታቸው ስም በዚያችው ከተማ ማዕከል አቋቋሙ።

የዚህ ተቃራኒ የቢክራም ቾውዱሪ ዮጋ ነው። 26 አቋቋሞች፣ 2 የአተነፋፈስ ልምምዶች፣ 90 ደቂቃ፣ ወደ 40 ዲግሪ የሞቀ ክፍል፤ ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ከተማ ያው ነው። እንደ ኮካ ኮላ ጠርሙስ ማለት ነው። ቾውዱሪ ቅደም ተከተሉ የግል ንብረቴ ነው ብሎ እስከ መክሰስ ደርሶ ነበር፤ ሆኖም አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 ጥያቄውን ውድቅ አድርጎታል። ነጋዴው እንዲህ ያለውን ዕቃ ለምን እንደሚወድ ግልጽ ነው። የአንዱ አስተማሪ ሰዓት ለሠላሳ ሰው ይከፋፈላል። የቴራፒስቱን ሰዓት ግን አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል። ስለዚህ የቴራፒው መወደድ በራሱ ዝርፊያ አይደለም።

ለመሆኑ ጭማሪው ዋጋ ያወጣል? በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 320 የቆየና መነሻው በውል ያልታወቀ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው ቡድን በየሳምንቱ በጋራ የዮጋ ትምህርት ወሰደ፤ ሁለተኛው ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ለብቻ ሠራ፤ ሦስተኛው ስለ ሕመሙ የሚያስተምር መጽሐፍ ተሰጠው። ከ12 ሳምንት በኋላ የጋራው ዮጋ ከግል ፊዚዮቴራፒው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ በልክ ሻጮች ማስረጃ ብለው የሚጠቅሱት ጥናት የለካው በጅምላ የሚሰጠውን ነው! ተራ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ለብቻው ለሚሰጠው ልምምድ እጥፍ የሚከፍልበት ምክንያት ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አይታየውም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ገዢ ተራ ሕመምተኛ አይደለም። ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ቢቆም የዓይኑ ግፊት ይጨምራል። አጥንቷ የሳሳ አሮጊት አከርካሪዋን አጥብቃ ብታጎብጥ ስብራት ያሰጋታል። ለእነዚህ ሰዎች ጭማሪው የሚገዛው የእንቅስቃሴ ዓይነት ሳይሆን ክልከላ ነው፤ ይህም የሚገኘው በአብዛኛው በመጀመሪያው ምርመራ ነው።

ችግሩ ማን መመርመር እንደሚችል ገዢው አለማወቁ ነው። የኖቤል ተሸላሚው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ያስወጣዋል። በዮጋም 200 ሰዓት የሠለጠነ አስተማሪ ስሙ ላይ «ቴራፒ» ቢጨምር ከልካይ አልነበረውም። የዓለም አቀፉ የዮጋ ቴራፒስቶች ማኅበር መለኪያ ቢያንስ 800 ሰዓት ነው። ዮጋ አሊያንስ የተባለው ትልቁ የአስተማሪዎች ማኅበርም በ2016 አባላቱ በመዝገቡ ላይ ቃሉን እንዳይጠቀሙ አዟል። እርምጃው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ማኅበር የራሱን አባላት እንጂ ከበሩ ውጭ ያለውን አይቆጣጠርም።

የሚሻለው ሁለቱን ነገሮች ለይቶ መሸጥ ነው። ምርመራው በሠለጠነ ሰው፣ ከሐኪሙ ጋር በመነጋገር፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ዋጋ ይከፈልበት። ልምምዱ ደግሞ የተከለከለው ዝርዝር በእጅ ተይዞ በጋራ ትምህርት ሊቀጥል ይችላል። ገዢውም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የትኛውን እንቅስቃሴ እንደማይሠራና ለምን እንደማይሠራ ይጠይቅ። መልስ ያጣ ወይም መድኃኒትህን አቁም ያለ ሻጭ ቢያጋጥመው፣ ቦርሳውን ሳይከፍት ይውጣ።