ወንዙ ለዓሣውም ይፍሰስ

በደባትና በደባርቅ የምትኖሩ ተማሪዎች ሆይ፣ በሐምሌ ወር ዝናቡ ሲያባራ ከደጃችሁ ወጥታችሁ ጎርፉ ወዴት እንደሚወርድ አስተውሉ። በደባርቅና በሰሜን ተራሮች የዘነበው ውኃ ቁልቁል ወርዶ ተከዜን ይቀላቀላል። ከዚያ በስተደቡብ በወገራ ደጋ የዘነበው ግን በመገጭ ወንዝ አድርጎ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ደገኛው አይቷቸው የማያውቅ ዓሦች ሕይወት በዚህ ወንዝ አፈሳሰስ ላይ የተመሠረተ ነው።

በጣና ሐይቅ ላቤዮባርበስ ከሚባሉት ዓሦች መካከል 15 ዓይነት የሚሆኑት በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በወንዝ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ ወደ መገጭ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጥሩ ውኃ በሚወርድበት ጠጠራማ ስፍራም ይራባሉ። በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውኃ ለዕንቁላሉ አየር ያቀብለዋል። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የተባለው ዓሣም የሚራባው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ የወንዙ ጉልበት ሲደክም ደለል ጠጠሩን ይሸፍነዋል፤ ዕንቁላሉም ታፍኖ ይሞታል።

ጉዳቱ በግምት የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ሀብት በክብደት ሲለካ ወደ 75 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ገልጸዋል። ያን ጊዜ ዋናው ምክንያት ለመራባት በወንዞቹ አፍ የሚሰበሰቡትን ዓሦች በመረብ ማጥመድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። በርብ ወንዝ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ በመገጭም ላይ የግድብ ሥራ ተጀምሯል። በበጋም የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ከወንዞቹ ውኃ ይቀዳሉ።

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ዓሣ መጨነቅ ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መስኖ የገበሬውን ጎተራ ይሞላልና። ይሁን እንጂ ዓሣውም ለአጥማጁ ቤተሰብ እንጀራው ነው። ደግሞም ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ዓሣው ብርቱ ፈሳሽ የሚሻው በክረምት፣ ማሳው መስኖ በማይፈልግበት ወቅት ነው። ግድቡም የሚሞላው በዚሁ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ከሚጠራቀመው ከፊሉ ወደ ታች እንዲለቀቅ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። በበጋም ጫጩቶቹ በወንዙ ኩሬዎች ለወራት ስለሚቆዩ ሞተሩ ኩሬውን እስኪያደርቅ መሳብ የለበትም። ውኃ ሲከፋፈል ለከተማና ለእርሻ ድርሻ እንደሚመደብ ሁሉ፣ ለወንዙ ለራሱም ድርሻ ይመደብለት የምለው ስለዚህ ነው።

ይህ ግን የግድብ ሠሪዎች ኃላፊነት ብቻ አይደለም። በወገራ ደጋ እስከ ወንዙ ዳር የታረሰ መሬት አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል፤ ያም አፈር ዕንቁላሉ ባረፈበት ጠጠር ላይ ይተኛል። እርከን የሠራ፣ የወንዙን ዳር ሣርና ዛፍ ሳይነካ የተወ ገበሬ ግን የራሱን ማሳ ሲጠብቅ ዓሣውንም ይጠብቃል። ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ከላይ የምንኖር ሰዎች ከታች ላለው ነፍስ ዕዳ አለብን። ዓሣ የጠፋ እንደ ሆነ ግድብ አፍርሶ መመለስ አይቻልም፤ ከጣና የጠፋውን ከሌላ ሐይቅ ማምጣት አይቻልምና።