የራግቢውን ዕዳ የከፈለው ሯጭ

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1995 በጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም የሆነውን፣ ራግቢ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰምቶታል። ኔልሰን ማንዴላ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ሜዳ ገቡ። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን በጭማሪ ሰዓት 15 ለ 12 ረታች። አብዛኛው ነጭ የሆነው ተመልካች የትናንቱን እስረኛ ስም እየጠራ ጮኸ። ጆን ካርሊን በ2008 ይህንኑ መጽሐፍ አደረገው፤ በዓመቱ ክሊንት ኢስትዉድ ፊልም አደረገው። የመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ ያ ጨዋታ ሀገር እንደሠራ ይናገራል።

ታሪኩ ያምራል። ግን 80 ደቂቃ ከነጭማሪው ሀገር አይሠራም። ደቡብ አፍሪካ በ1987ቱም ሆነ በ1991ዱ የራግቢ ዓለም ዋንጫ አልነበረችም፤ የ1995ቱ የመጀመሪያዋ ነው። ያስቀራት ማዕቀብ ነው። ማዕቀብ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚጥለው ሰው አለ፣ ዋጋውን የሚከፍልም ሰው አለ። የራግቢን ታሪክ በዋንጫና በአምበል የሚቆጥር መጽሐፍ ሁሉ እዚህ ላይ ሂሳቡ ይጎድላል።

ራግቢ ሀገር ሠራ የሚለው ወግ እራሱ አዲስ አይደለም። እንግሊዞችና ቦኤሮች ጦርነታቸውን በ1902 ጨረሱ። በ1906 በፖል ሩስ አምበልነት ሁለቱም ወገኖች ያሉበት ቡድን ስፕሪንግቦክስ ተብሎ ብሪታንያ ሄደ፤ ያኔም ስለ ዕርቅ ተወራ። በ1910 የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ሲመሠረት ግን ጥቁሩ ሕዝብ በአብዛኛው ከምርጫው ውጭ ቀረ። የነጭ ከነጭ ዕርቅ ነበር። ጥቁሩ ራግቢን ይጠላ ነበር የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው፤ ነጭ ያልሆኑ ተጫዋቾች በ1897 የራሳቸውን የራግቢ ቦርድ አቋቁመዋል፣ በምሥራቃዊ ኬፕም ጨዋታው የጥቁሮች የቆየ ባህል ነው። ግሩንድሊንግ፣ ኦደንዳልና ስፒስ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጽፈዋል። ፊልም ሠሪ ግን አልመጣላቸውም።

አሁን ወደ 1976። ጁን 16 ቀን በጆሃንስበርግ ሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። የኒውዚላንዱ ኦል ብላክስ ቡድን ይህን እየሰማ ለጉብኝት መጣ። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ማልዱን መንግሥታቸው በስፖርት ጣልቃ አይገባም አሉ። የአፍሪካ ሀገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትታገድ ሲሉ፣ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ አይመለከተኝም ብሎ መለሰ። (እስከ 1924 ድረስ የኦሊምፒክ ስፖርት እንደነበር ያስታወሰው ካለ ዝም ብሏል።) ከ20 በላይ ሀገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ጨዋታውን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያ አንዷ ናት።

በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘው፣ በ5 ሺህ ደግሞ ማጣሪያው ያመለጠው ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያልን በተስፋ ይጠብቅ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ኦል ብላክስና ስፕሪንግቦክስ ደርባን ላይ የመጀመሪያውን ፍልሚያ ያደርጉ ነበር። የመጨረሻውን ሴፕቴምበር ላይ እዚያው ኤሊስ ፓርክ ተጫወቱ፤ 15 ለ 14። ማርሽ ቀያሪው ሁለቱን ወርቆች ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ነው። ለሯጭ አራት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ሯጭ ይጠየቅ።

እዚህ ላይ የሀገር ቤቱም አንባቢ ከወቀሳ አያመልጥም። ሞንትሪያልን ከሎስ አንጀለስና ከሴኡል ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ሦስቱንም የደርግ እልህ ብሎ የመተው ልማድ አለ። ያለፉት ሁለቱ የወዳጅ መንግሥታት ጉዳይ ነበሩ። የሞንትሪያሉ ግን ደርግ ያመጣው ነገር አይደለም፤ ከደርግ በፊት የተጀመረ ነው። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ቀላቅላ ቡድን አላመጣም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች፤ ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1968 ደቡብ አፍሪካ ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ስትጋበዝ ኢትዮጵያ አልሄድም አለች፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ግብዣው ተሰረዘ፤ ማሞ ወልዴም ሄዶ ማራቶኑን አሸነፈ። ይህን ትግል ከፊት ከመሩት አንዱ ከ1972 እስከ 1987 ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም እየተባለ በሚነገርበት አዳራሽ ተቀምጠው፣ አፓርታይድ ራሱ በስፖርት ውስጥ ያለ ፖለቲካ መሆኑን ሲናገሩ ኖረዋል። በ1968 ያስፈራው መሣሪያ በ1976 ኦሊምፒኩን ባያስቆምም ከንቱ አልቀረም፤ በዓመቱ የኮመንዌልዝ መንግሥታት በግሌንኢግልስ ስምምነት ከአፓርታይድ ጋር የሚደረግ የስፖርት ግንኙነትን ሊያስቀሩ ተስማሙ።

ይህ ሁሉ ዛሬ ጆሃንስበርግ ላይ ለማን ይነገራል? ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ጄፒ የሚሉት፣ ስሙ ራሂማ ሙሳ ተብሎ የተቀየረው ጎዳና ከኤሊስ ፓርክ ብዙ አይርቅም። በሴፕቴምበር 2019 በከተማዋ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉና ሲቃጠሉ የኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። በኖቬምበር 2 ሲያ ኮሊሲ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የስፕሪንግቦክስ አምበል፣ ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። አንድ ሀገር ሆንን የሚለው ቃል እንደገና ከየጋዜጣው ወጣ። ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ከዚያ «እኛ» ውስጥ አልነበረም፤ ሀገሩ ለዚያ ቀን የከፈለውም በየትኛውም የድል ንግግር አልተጠቀሰም።

የኤሊስ ፓርክን ታሪክ ደግሞ የሚጽፍ ሰው ከማንዴላ ማሊያ በፊት ያለውን ምዕራፍ በ1976 ይጀምረው፤ በሶዌቶ ጎዳና፣ በ15 ለ 14ቱ ውጤትና ምሩፅ ባልቆመበት የሞንትሪያል መነሻ መስመር።