ስለ አውቶሞቢል ፍሬን ዘይት

አውቶሞቢል ያለው ሰው ስለ መሄዱ ብዙ ያስባል፤ ስለ መቆሙ ግን የሚያስበው በጭንቅ ጊዜ ብቻ ነው። እኛም ከዚህ ስሕተት አልዳንም። አንድ እሑድ ከቤተ ሰባችን ጋራ የእንጦጦን ቍልቍለት ስንወርድ፤ ፍሬኑን ደጋግመን ከረገጥን በኋላ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ለስልሶ ሰመጠ። ማርሹን ዝቅ አድርገን፤ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ ብለን ስበን፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ከመንገዱ ዳር ቆምን። ልጆቹ ከኋላ ይጫወቱ ነበርና ምንም አላወቁም። አውቶሞቢሉን ከገዛን 6 ዓመት ሲሆን፤ የፍሬኑን ዘይት አንድ ቀን እንኳ አልለወጥነውም ነበር።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ የጠጣው ውሃ ወደ 4 ከመቶ ሲጠጋ ግን በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። በቍልቍለት ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎትና አየር ግን ይጨመቃሉ፤ ስለዚህ የእግር ኀይል ከጎማው ሳይደርስ ይቀራል። ብዙ ፋብሪካዎች ዘይቱ በየ2 ዓመቱ እንዲለወጥ የሚያዙት ስለዚህ ነው።

ሥራው በቤት ለሁለት ሰው የሚቻል ነው። አውቶሞቢሉን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፤ በክሪክ ካነሡት በኋላም በጠንካራ መደገፊያ ማስደገፍ ይገባል። ከማጠራቀሚያው ዕቃ አሮጌውን ዘይት ቀድቶ አዲሱን መሙላት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከፍሬኑ ፓምፕ እጅግ ከሚርቀው ጎማ ነው፤ ሆኖም የአውቶሞቢሉ መጽሐፍ የሚያዘው ይበልጣል። በአየር ማስወጫው ቡሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ፤ ጫፉን ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ማጥለቅ ነው። አንዱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ «ይዣለሁ» ሲል፤ ሌላው ቡሎኑን ጥቂት ይፈታል፤ አሮጌው ዘይት ከነአረፋው ይወጣል። ቡሎኑን መልሶ ካጠበቀ በኋላ «ልቀቅ» ይላል። አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ በየጎማው እንዲሁ ይደረጋል፤ ማጠራቀሚያውም ከቶ ባዶ እንዳይሆን እየተጨመረበት ነው።

ለእኛ ፔዳሉን የረገጠልን ታላቁ ልጃችን ነበር። በመጀመሪያው ጎማ ቃላችንን ሳይጠብቅ ለቀቀና አየር ተመልሶ ገባ። «አባባ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው እኮ» አለ። «ልጄ፤ ፍሬንም የሚፈለገው ለአንድ አፍታ ነው» አልነው፤ እንደገናም ጀመርን።

ዘይቱ የአውቶሞቢሉን ቀለም ያበላሻልና ቢፈስ ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ዶት 5 የተባለው ከሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከዶት 3ና ከዶት 4 ጋራ አይቀላቀልም። ተከፍቶ የቈየ ዘይትም እርጥበት ጠጥቷልና አይጠቅምም። ሥራው ካለቀ በኋላ ፔዳሉ ጠንክሮ ካልቆመ፤ ወይም መጽሐፉ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል ካለ፤ ወደ መካኒክ መጥራት እንጂ ወደ መንገድ መውጣት አይገባም። የጠነከረም ቢሆን አስቀድሞ በግቢ ውስጥ በዝግታ ይፈተን። ከኋላ የሚጫወቱት ልጆች የሚታመኑት በእግራችን ነውና።