ራጅ ላይ እንዳይታይ ብላችሁ መድኃኒት አትዋጡ

በአሠሪ ስፖንሰርነት፣ ኢቢ-3 በሚባለው መንገድ፣ ከነልጆቻቸው ጠቅልለው አሜሪካ ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ራጁ ንጹህ እንዲሆን ምን ልውሰድ?»

ምንም! ሳል ካለባችሁ ተመርመሩ። በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ከበሽታው ይልቅ ሰውን የሚጎዳው መደበቁ ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለሥራ ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ኩዌት የሚሄድ ሰው ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ ቲቢ፣ እርግዝና እንኳ ከተገኘበት «አንፊት» ይባላል። ከዳነ ቲቢ የቀረ ጠባሳም ያስመልሳል። በየሰፈሩ እንዲህ ከበር የተመለሰ ሰው ስላለ «ሕመምህን ለሐኪም አትንገር» የሚለው ምክር ከዘመድ ወደ ዘመድ ይተላለፋል።

የአሜሪካ የኢሚግራንት ቪዛ ምርመራ ግን ሌላ ነው። (የቪዛ ፖሊሲው ሲከፈት ሲዘጋ ይኖራል፤ እሱን ለጠበቆች ትቼ ስለ ሳንባ ላውራ።) ኤችአይቪ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከከልካይ በሽታዎች ዝርዝር ወጥቷል። እርግዝናም አይከለክልም፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ራጅ ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ። የሳንባ ቲቢ ከተገኘ ጉዞው ይዘገያል እንጂ በዚያ ምክንያት አይቀርም። ራጁ ካጠራጠረ ሦስት ጊዜ አክታ ይወሰዳል፤ የካልቸር ውጤቱ እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። ቲቢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር በባለሙያ ፊት መድኃኒት እየተዋጠ ይታከማል፣ ከዚያ ጉዳዩ ይቀጥላል።

አሁን የመደበቁን ዋጋ እዩ። አንዳንዱ ሳሉን ለማጥፋት ሌቮፍሎክሳሲን ገዝቶ ይውጣል። ይህ መድኃኒት ቲቢን ለጥቂት ጊዜ ያዳፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምደውም ያደርጋል። መድኃኒት የለመደ ቲቢ ሕክምናው እጅግ የከበደ ነው። በዚህ መሃል ደግሞ እቤት ውስጥ አንድ አልጋ ላይ አብሯችሁ የሚተኛ ሕፃን አለ። ሆን ብሎ ወሳኝ መረጃ መዋሸትም በሕጋቸው የዕድሜ ልክ እገዳ ሊያስከትል ይችላል፤ ቲቢው ግን 6 ወር ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ስለዚህ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ማታ ማታ ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የኤምባሲውን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነፃ ነው። ድሮ ታክማችሁ ከሆነ የጨረሳችሁበትን ማስረጃና የቀድሞውን ራጅ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ጠባሳው አዲስ አለመሆኑን የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችም እንዲሁ፦ መድኃኒት አቁሞ ስኳሩ 300 ሆኖ ከመቅረብ በቁጥጥር ሥር ያለ ስኳር ከነመድኃኒት ዝርዝሩ ይዞ መቅረብ ይሻላል።

የልጆቹ ነገር ትንሽ ይለያል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 14 የሆኑ ልጆች የቲቢ የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል። «ፖዘቲቭ» ሲባል እናቶች ክው ይላሉ። ውጤቱ ጀርሙ ሰውነት ውስጥ መግባቱን እንጂ ልጁ መታመሙን አያሳይም። ራጁ ንጹህ ከሆነና ምልክት ከሌለው አያስተላልፍም፣ መጓዝም ይችላል። «ቢሲጂ ስለተከተበ ነው» ብላችሁ ግን አትለፉት፤ ክንድ ላይ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ በቢሲጂ ይሳሳታል፣ የደሙ ግን አይሳሳትም። ስለ መከላከያ ሕክምናው ሐኪም ጠይቁ። ከቤተሰቡ የሚያስል ሰው ካለም አብሮ ይመርመር፤ ልጅ ቲቢን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ነው።

የክትባት ካርዱን ዛሬ ማታ ፈልጉት። ከጠፋ ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከመዝገብ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ማስረጃ ከሌለ እንደ አዲስ ይከተባል፤ ጉዳት የለውም፣ ግን የልጁን ክንድ አስቡት! ካርዱ ሙሉ ቢሆንም እንደ ጆሮ ደግፍ ያሉ በእኛ መደበኛ ክትባት ውስጥ የሌሉ ስላሉ ጥቂት መርፌ አይቀርለትም፤ አስቀድማችሁ ንገሩት።