ለምጽና ተመልካቹ

ለምጽ የወጣበትን ሰው ያየ ሁሉ «ቻለው፥ ልመደው» ይለዋል። ምክሩ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን አድራሻውን ስቷል። ባለ ለምጹማ መልኩን ከመልመድ በቀር ምን ምርጫ አለው? መልመድ ያቃተውስ ሰላምታ ሲቀርብለት እጁን ከነጠላው ሥር የሚሸሽገው፥ ከአንድ ገበታ መቍረስ የሚጸየፈው፥ ልጁን «ከዚያ ቤት አታግባ» የሚለው ጎረቤት ነው።

ለምጽ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣ ንጣት ነው። በመጨባበጥም ሆነ አብሮ በመብላት ከቶ አይተላለፍም። የነጣውን ቆዳ ፀሐይ ቶሎ ስለሚያቃጥለው ጥላና ባርኔጣ ይሻል፤ መደበቅን ግን አይሻም።

አንዳንዱ ደግሞ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ይመዛል። በዚያ ለምጽ የተባለው ብዙ ዓይነት ደዌ ነው፤ ልብስ እንኳ ለምጽ ይወጣበታል ተብሏልና። ጠቃሹ እስከ ቍጥር 13 ቢዘልቅ ኖሮ ገላው ሁሉ የነጣው ሰው ንጹሕ ነው መባሉን ባገኘ ነበር። አይዘልቅም።

እጅዋ ላይ ነጭ ምልክት ካላት ሴት ጠላ አልቀበልም ያለውም ሰው፥ በዚያው ቀን ከሚያስለውና ከሚያስነጥሰው ወዳጁ ጋር በአንድ ዋንጫ ሲጠጣ ይውላል።