የቪትዝ ቁጠባ ያለው ዘይቱ ላይ ነው

መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ክርክራችን ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ዋጋው። እንከራከር፣ ክፋት የለውም። ግን ከመስቀል አደባባይ ወደ ሒልተን ሽቅብ የሚወጣውን የመኪና ሰልፍ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ እንደገና ቪትዝ። አዲስ ስለማይገባ ያሉት ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ስለ እነሱ የሚያወራ ግን የለም።

የብዙዎቹን ኮፈን ብትከፍቱ ሞተሩ ላይ «ቪቪቲ-አይ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ጌጥ አይደለም። ሞተር የሚኖረው በትንፋሽ ነው፤ ቫልቩ ሲከፈት አየር ይገባል፣ ጭስ ይወጣል። በድሮ ሞተሮች ቫልቩ የሚከፈትበት ጊዜ አንዴ ከተወሰነ አይለወጥም ነበር። መኪናው መብራት ላይ ቢቆምም፣ አቀበት ቢወጣም ያው ነው። እንጦጦን እየሮጠ የሚወጣና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እኩል አይተነፍሱም።

አልፋ ሮሜዮ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን የሚያስተካክል ሞተር ለገበያ አቀረበ። ቶዮታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪቪቲ-አይን አመጣ፤ በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝም በ1 ሊትር ሞተሯ ይዛው መጣች። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ፍጥነትና ጭነት እያየ ካምሻፍቱን በተወሰነ ዲግሪ ያዞረዋል። በዝቅተኛ ዙርም በከፍተኛ ዙርም የተሻለ ጉልበት ይገኛል፤ ነዳጅም ጭስም ይቀንሳል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ቪቪቲ-አይ የጎደለውን አየር አይመልስም፣ ያለውን ግን በአግባቡ ያስተነፍሳል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ በእነዚህ መኪኖች ካምሻፍቱን የሚያዞረው የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድ ቀጭን ነው፤ ወንፊትም አለው። ዘይቱ ሲቆሽሽ፣ ሲጎድል ወይም ውፍረቱ ለሞተሩ የማይሆን ሲሆን መንገዱ ይደፈናል፣ ሥራውም ይዘገያል። መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይበላል። ሹፌሩ ቤንዚኑን ይጠረጥራል፣ ሜካኒኩ ካንዴላ ይቀይራል። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ መልቀቅም ጥገና አይደለም።

ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ነው። በቪትዝ ተሳፋሪ እየጫነ ልጆች ለሚያሳድግ ሰው በየቀኑ ያለ አግባብ የሚቃጠል አንድ ሊትር የቤት ወጪ ነው። ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ደግሞ የተነሣው መኖሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ የደንበኛውን መኪና ጠባይ በቃሉ የሚያውቅ የሰፈር ሜካኒክም ተበትኗል። ዛሬ ብዙው ሹፌር ባገኘበት ያገኘውን ዘይት ይቀይራል።

«እነዚህ መኪኖች የሚያልፉ ናቸው፣ ምን አደከመን?» የሚል ይኖራል። የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለው ሰው እስኪያልፉ ድረስ የሚበላው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ተመሳስሎ የሚሸጥ ዘይት ላይ ቁጥጥሩ ከሱቅ መደርደሪያ ይጀምር። የቦሎ ምርመራው ፍሬንና መብራት ሲያይ የሞተሩን የስህተት ኮድም ያንብብ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለኤሌክትሪክ መኪና ሲዘጋጁ ትናንት የገባውን ሞተር አይርሱ። ሹፌሮችም ዘይት ስትገዙ ከዋጋው በፊት የመኪናችሁ መመሪያ የሚያዝዘውን ቁጥር ጠይቁ። ከዘይት ላይ የቆጠባችሁትን ማደያው መልሶ ይወስደዋል።